የሶዳም አያት ጨው

ነጋዴዋ ጆምሱን ከጎመኑ ገንዳ ጫፍ ላይ አንዲት ቅጠል ቀደደች፣ አኘከች፣ ከዚያም ሲሚንቶው ላይ ተፋችው።

«ይሄ ጎመን ነው ወይስ ባሕር?»

የገበያው ግቢ ጫጫታ ባንድ ጊዜ ረገበ። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት የሚያሹት ሴቶች እጃቸው እስከ ክርናቸው ሳፋው ውስጥ እንደተነከረ ቀና አሉ። የውኃው ጎማ ብቻ የተፈጠረውን ባለማወቅ መሬት ላይ እየተንፏቀቀ ይፈስ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች መካከል ወይዘሮ ጉዊሬ ወጥታ ቀመሰች። ፊቷ ጭምድድ አለ፤ ግን በሰው ፊት የምትተፋ ሴት አይደለችምና ዋጠችው። ከተራራው የቡድሃ መቅደስ የመጣችው እማማ ቡንናም ጥርስ ስለሌላት ቅጠሏን በምላሷ ነካ አድርጋ ዐይኗን ጨፈነች። ሌሎቹም እየተጠጉ ቀመሱ። አንዷን አሳላት። አንዷ ወደ ጎማው ሮጠች።

ከዚያ ሁሉም ዞረው የበሩን ጠባቂ ማንሶክን አዩት።

ማንሶክ ይህን አስተያየት ያውቀዋል። ወጣት ሳለ በዚሁ ገበያ ተሸካሚ ነበር። አንድ ዓመት ከነጋዴዎች ማኅበር መጋዘን አንድ ጆንያ በርበሬ ጠፋ ተባለና ያኔም ልክ እንዲህ ዞረው አይተውት ነበር። ጆንያው ከሚዛኑ ኋላ ወድቆ ተገኘ። ተገኘ አሉ፣ ሳቁ፣ ወደየሥራቸው ሄዱ። ይቅርታ ያለው ሰው የለም፤ ይቅርታ ለተሸካሚ ማን ይላል! ማንሶክ ግን ያንን ጆንያ እስከ ዛሬ ከጀርባው አላወረደውም።

ሌላም ነበረው። ቤተ ክርስቲያን ይሄድ በነበረበት ዘመን ቆመህ አንብብ ተብሎ ፊደል ለፊደል ሲያዘግም ከኋላ የሳቁበት ሴቶች ነበሩ፤ ዛሬም በየስማቸው ይጠራቸዋል። የተራራው መቅደስ ደግሞ ሚስቱ ስትሞት እሱ በስሟ የሰጠውን ፋኖስ ከሰው ፋኖስ ሁሉ ለይቶ ወደ ሽንት ቤቱ በሚወስደው መንገድ ጥግ አንጠለጠለው። የሀብታሙ ሙት ከቡድሃው ፊት፣ የእሱ ሚስት ሽንት ቤት በር! ማንሶክ ይህን ለማንም አልተናገረም። ቂሙን ኪምቺ፣ በጨውና በበርበሬ የሚቦካው ጎመን፣ እንደሚቀመጥበት እንስራ አፉን ከድኖ አኑሮታል፤ ሲያስፈልገው ብቻ ከፈት አድርጎ ይቀምሰዋል።

አሁን ግን ከቂሙ የሚበልጥ ነገር ነበረው። የልጅ ልጁ። እሷም ከግቢው ጥግ ከመምህርት ሴሪንና ከሌሎች ልጆች ጋር ሳፋ ታጥባለች።

ሶዳም አንደኛ ክፍል ናት። አባቷ፣ የማንሶክ ልጅ፣ ሩቅ ባሕር ላይ የዓሣ መርከብ ላይ ይሠራል፤ እናቷ ከሄደች ቆይታለች። አያትና ልጅ የሚኖሩት ከመጋዘኑ በር አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ማንሶክ ቀን የማኅበሩን መኪና ይነዳል፣ ማታ በሩን ይጠብቃል። ሶዳም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታዲያ የሚቀበላት ቀዝቃዛ ክፍል ነው። ባለፈው ወር ራሷ ሾርባ ላሙቅ ብላ እጇን በፈላ ውኃ ተቃጠለች። ማንሶክ መሽቶ ሲገባ ልጅቷ እጇን በረዷማ ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ አገኛት። አላለቀሰችም።

ሴት ልጁ፣ የሶዳም አክስት፣ ከኢንቾን ከተማ መጥታ ፋሻውን አየች። አልጮኸችም። «አባባ፣» አለች፣ «ምድጃው የሞቀ፣ ሰው ያለበት ቦታ ካላገኘህላት በኅዳር የመጨረሻው እሑድ መጥቼ እወስዳታለሁ። አንተን ለመቅጣት አይደለም።» ልክ ነበረች። ልክ መሆኗ ነበር የከፋው።

ያ እሑድ ነገ ነው።

ቦታውስ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ የማትጠቀምበት አዳራሽ አላት። መቅደሱ በየተራራው መንደር እየዞረ ልጆች ሊያመጣ የሚችል መኪና አለው። ነጋዴዎቹ ምግብ አላቸው። ሦስቱም ለዓመታት «የልጆች ቤት እንከፍታለን» ሲሉ ኖረዋል፤ አንዱም አልከፈተም፤ አንዱ በሌላው ስም ሥር መግባት ሞቱ ነውና። መምህርት ሴሪን ከአንዱ በር ወደ ሌላው ስትመላለስ ጫማዋ አለቀ። በመጨረሻ ጆምሱን በስብሰባ መሐል ተነሥታ፣ «መጀመሪያ የብርዱን ኪምቺ አብረን እንሥራ። አብረን ጎመን ማሸት ካቃተን አብረን የሰው ልጅ ልናሳድግ ነው?» አለች። ተስማሙ። ለልጆቹ ቤትና ለተቸገሩ ቤተሰቦች የሚበቃ ኪምቺ ይሠራል፤ የመቅደሱ ሰዎች ነጭ ሽንኩርት ስለማይበሉ የእነሱ ገንዳ ለብቻው ይሆናል፤ ሥራው በሰላም ካለቀ ወይዘሮ ጉዊሬ የአዳራሹን ቁልፍ ታስረክባለች። ቁልፉን ከሽርጧ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዛው ነበር የመጣችው።

ትናንት ከሰዓት ጎመኑን ሁሉም በአንድነት ሰንጥቀው፣ ጨው ነስንሰው፣ ገንዳ ውስጥ ደርድረው ሄዱ። እስከ ጠዋት ማንም እንዳይነካው ተባባሉ።

ገና ጀምበር ሳትጠልቅ ጆምሱን አንድ ፌስታል ይዛ ብቻዋን ተመለሰች። «የቤተ ክርስቲያኖቹ ሲነሰንሱ አየሃቸው? ሽቶ የሚረጩ ነው እኮ የሚመስሉት። እፍኝ ነገር ልጨምርበት። እንዳትናገር።» የተጠበሰ ስኳር ድንች እጁ ላይ አስቀመጠችለት። እሷ ከሄደች በኋላ ወይዘሮ ጉዊሬ መጣች። «የገበያ ሰዎች ጨው መቆጠብ ለምዶባቸው ነው፤ አልፈርድባቸውም። ትንሽ ብቻ ነው። በእኛ መካከል ይቅር፣ እሺ?» አንድ ፔርሙዝ የገብስ ሻይ ተወችለት። ጎህ ሲቀድ ደግሞ እማማ ቡንናም ጎብጣ፣ ከተራራው በእግሯ ወርዳ በሩን አንኳኳች። «እነዚህ ልጆች፣» አለች፤ ስድሳ ያለፋቸውን ሴቶች ማለቷ ነው፤ «ጨው እስከ ግንዱ መግባት እንዳለበት የት ያውቁና!» እሷ የሩዝ ዳቦ ነበር የሰጠችው።

ማንሶክ በላ፣ ጠጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ። ዝም አለ። «ብናገር ‹ተሸካሚ ስለ ጨው ምን አገባው› ነው የሚሉኝ» እያለ ራሱን አሳመነ። እውነት ነበር፤ ይሉት ነበር። ግን ሌላም እውነት ነበር፤ ደስ ብሎት ነበር። እርስ በርስ መናናቃቸውን ራሳቸው ይቅመሱት ብሎ ስኳር ድንቹን እየላጠ ብቻውን ሳቀ። ጆምሱን ቅጠሏን እስክትተፋ ድረስ እሑድ የሚባል ቀን ከነጭራሹ ትዝ አላለውም።

«የሶዳም አያት፣» አለች ጆምሱን፣ «የበሩ ሰው አንተ ነህ። ማታ ማን ገባ?»

የወይዘሮ ጉዊሬ እጅ ወደ ቁልፉ ሄደ። በእማማ ቡንናም ጣቶች መካከል ትዞር የነበረችው መቁጠሪያ ቆመች። ጆምሱንም ከጠየቀች በኋላ ነበር የጥያቄዋ አቅጣጫ የገባት፤ ዐይኗ ውልብ አለ። ማንሶክ ያን ጊዜ ተገለጠለት፤ እያንዳንዷ የጨመረችው እሷ ብቻ መስሏታል። የእኔ እፍኝ እንዲህ አያደርግም ብላለች። አሁን ደግሞ ሦስቱም የሚፈሩት የእሱን አፍ ነው።

የእሱን አፍ! ፊደል ሲቆጥር የሳቁበትን አፍ።

ዓረፍተ ነገሩ ምላሱ ጫፍ ላይ በስሎ ተቀምጧል፤ ይጣፍጣል። ስማቸውን አንድ በአንድ ከተማው ሁሉ በተሰበሰበበት ቢጠራ የጆንያውም፣ የንባቡም፣ የፋኖሱም ዕዳ ባንድ ጠዋት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውም ታየው። የገበያዎቹ ቢላቸውን ይሰበስባሉ። የቤተ ክርስቲያኖቹ ሽርጣቸውን አራግፈው ይወጣሉ። የመቅደሱ መኪና ይነሣል። ቁልፉም ከሽርጡ ጋር ይሄዳል።

«አያቴ!» አለች ሶዳም ከጥጉ። «ጎመኑ ተበላሸ እንዴ?» የተቃጠለው እጇ ላይ ያለው አዲስ ቆዳ ከብርዱ የተነሣ ቀልቷል።

«እኔ ነኝ፣» አለ ማንሶክ።

«ምኑን?»

«ጨውን። ያነሰ መሰለኝና ጨመርኩበት።»

ከኋላ አንዲት የገበያ ወጣት በሳቅ ፈነዳች። «በር ጠብቅ ቢሉት ወጥ ቀማሽ ሆኖ ዐረፈው!» ሳቁ ተዛመተ። ማንሶክ ጆሮው ጋለ። መንጋጋውን ነክሶ የጆምሱንን ምላስ ጠበቀ፤ ገበያው ሁሉ የሚፈራውን ምላስ።

ጆምሱን አፏን ከፈተች። ዘጋችው። ቆማ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወይዘሮ ጉዊሬን አየቻት፤ ወይዘሮ ጉዊሬ ጫማዋን ታያለች። እማማ ቡንናምን አየቻት፤ እማማ ቡንናም ሰማዩን ታያለች።

«ስንት እፍኝ ጨመርክ?» አለች ጆምሱን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አልቆጠርኩም። አንዳንዱ እፍኝ ተለቅ ያለ ነበር።»

እማማ ቡንናም አሳላት። ወይዘሮ ጉዊሬ እስከ አንገቷ ቀላች። ጆምሱን ደግሞ ዞር ብላ በሳቀችው ወጣት ላይ ጮኸች፤ «አንቺ ምን ያስገለፍጥሻል? ሰውየው ለልጆቹ ብሎ ነው! ጎማውን አምጪ! ገንዳውን ገልብጡ፣ ሁሉንም!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንሶክ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ጎመኑ ሁሉ ወጣ፣ ታጠበ፣ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ተዘፈዘፈ፣ እንደገና ወጣ። ውኃው አጥንት ይሰብራል። ወይዘሮ ጉዊሬ፣ ያቺ ጓንቷ ሳይቆሽሽ ማዘዝ የምትወደው ሴት፣ ከሁሉ ቀድማ ቦቲዋን አጥልቃ ገንዳ ውስጥ ገባች። የገበያ ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ያጥባሉ። «ቀስ በይ እንጂ፣ ጎመን ነው የምታጥቢው ወይስ ባልሽን?» ትላለች አንዷ። «ባሌ ይሄን ያህል ታጥቦ አያውቅም» ትላለች ሌላዋ።

«ውኃ ብቻ አይበቃውም፣» አለች እማማ ቡንናም። «መቅደሱ እርሻ ላይ ያልተነቀለ ፍጅል አለ፣ ለራሳችን ያቆየነው። በየቅጠሉ መሐል ስንከትተው ጨውን ይመጥልናል።»

«መነኮሳቱ ታዲያ ብርዱን ምን ሊበሉ?» አለች ጆምሱን።

«ይጸልያሉ፣» አለች እማማ ቡንናም። «አንተ ልጅ፣ መኪናህን አስነሣ።»

አንተ ልጅ የተባለው ማንሶክ አሮጊቷን አጠገቡ አስቀምጦ ተራራውን ወጣ። ፍጅሉ፣ እንደ ሰው ክንድ የወፈረው ነጭ ስር፣ አመዳይ ከነከሰው አፈር ውስጥ ሲነቀል እየጮኸ ይወጣል። መኪናው ሞላ። ቁልቁል ሲመለሱ እማማ ቡንናም ጭኗ ላይ አንድ ፍጅል እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ «ሚስትህ ንፋስ ትጠላ ነበር፣ አይደል?» አለችው።

«ማን ነገረዎት?»

«ራሷ ናታ። ከፊት የተሰቀሉት ፋኖሶች ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ይጠፋሉ። ሀብታም ሁላ ፊት ለፊት ስቀሉኝ ይላል፣ ሌሊቱን ግማሹ ጨለማ ነው። የእሷን ጥግ ፈልጌ እኔ ነኝ የሰቀልኳት። ጠፍታ አታውቅም።»

ማንሶክ መሪውን ጨበጠ። የነገረችውን ለመቀበል ቦታ አጣለት። ስንት ዓመት ከሽንት ቤቱ መንገድ ፊቱን እያዞረ አልፏል፤ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ ትበራ እንደሆነ አላየም። አሮጊቷ ከእንስራው ውስጥ አንዱን ቂም በእጇ አውጥታ የወሰደችበት መሰለው፤ ስለወሰደችበትም ተናደደባት።

«ምነው ቀስ አልክ?»

«መንገዱ ያንሸራትታል፣» አለ።

ሲመለሱ ግቢው ውስጥ ሕፃናቱ አልነበሩም። ማንሶክ ደነገጠ። «ሶዳምስ?»

«አዳራሽ ናት፣» አለች አንዷ ሳታቋርጥ እየከተፈች። «ወይዘሮ ጉዊሬ ልጆቹ በብርድ አለቁ ብላ ቁልፉን ለመምህርቷ ሰጠቻት። ምድጃው ነዷል። እጃችን ሲደነዝዝ እኛም እየሄድን እንሞቃለን።»

ማንሶክ የወይዘሮ ጉዊሬን ሽርጥ አየ። የመርፌ ቁልፉ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ያ ሁሉ ስብሰባ የተደረገበት ቁልፍ፣ ንግግር ይደረግበታል የተባለው ቁልፍ፣ ጨው በቆነጠጠው እጅ እንዲያው በጥድፊያ ተሰጥቷል፤ የሰጠችውም የሰጠች አትመስልም፣ ጎንበስ ብላ ጎመን ትጠምዛለች። አመሰግናለሁ የሚለው ቃል አፉ ድረስ መጣ። አፉ ይህን ቃል ስላልለመደ ወጣ ሲል ሌላ ሆነ፤

«ወይዘሮ ጉዊሬ፣ ውኃው ይቀዘቅዛል፣ እኔ ልተካዎት።»

ቀና ብላ አየችው። «እርስዎ ፍጅሉን ያራግፉ፣» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «የሶዳም አያት… ዛሬ ጠዋት…» አለችና አልጨረሰችውም። እሱም እንድትጨርሰው አልፈለገም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ መሙላት ተጀመረ። ቀዩ ቅመም በየቅጠሉ ሥር ይገባል፣ ከጎኑ ቁራጭ ፍጅል ይቀመጥለታል፣ የውጭው ቅጠል ተጠቅልሎ እንደ ልጅ ይታሰራል። ማንሶክ የሞላውን ገንዳ በሁለት እጁ ተሸክሞ ሲያልፍ ጆምሱን መንገዱን ዘጋችበት። ከጎመኑ እምብርት ቢጫዋን ለጋ ቅጠል ቆርጣ ቅመም ጠቅልላበታለች።

«ያ የበርበሬ ጆንያ…» አለች።

«ሥራሽን ሥሪ፣ አንቺ ሴትዮ።»

«እሺ። አፍህን ክፈት።»

እጁ ገንዳው ላይ ነው፤ ሊከላከል አይችልም። በዚህ ሥራ ቀን ሰው ሰውን ማጉረሱ ልማድ ነው፤ ለእሱ ግን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያጎረሰው አልነበረም፤ እሱም የሚያጎርሰው ሰው በሌለበት ቦታ መቆም ተምሮ ነበር። አፉን ከፈተ። ሦስቱም ሴቶች እጃቸውን አቁመው መንጋጋውን ያዩታል። አኘከ። በርበሬው አፍንጫውን መታው፣ ፍጅሉ ተሰባበረ፣ ቅጠሉ ጣፈጠ።

«እህሳ?» አለች ጆምሱን።

ማንሶክ ዋጠ። አሰበበት።

«ጨው ይጎድለዋል፣» አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው እማማ ቡንናም ናት፤ ድዷ እስኪታይ። ወይዘሮ ጉዊሬ አፏን በጓንቷ ሸፈነችና ጉንጯ ሁሉ በርበሬ ሆነ። ጆምሱን ጀርባውን በመዳፏ ጠፈጠፈችው፤ ጃኬቱ ላይ ቀይ እጅ ቀረ። ሌሎቹ ሴቶች እነዚህን ሦስቱን ምን እንዲህ እንዳሳቃቸው አልገባቸውም፤ የነገራቸውም የለም።

ሲመሽ አዳራሹ መስኮቱ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ነበር። ደጃፉ ላይ ትንንሽ ጫማዎች እላይ በላይ ተቆልለዋል። መምህርት ሴሪን ቁልፉን ልትመልስ እጇን ስትዘረጋ ወይዘሮ ጉዊሬ ጓንቷን እያወለቀች፣ «ነገም ብርድ ነው፣ አንቺ ጋ ይሁን» አለቻት። ማንሶክ ሰማ። እንዳልሰማ ሆኖ ገንዳ መደርደሩን ቀጠለ፤ አንዱን ገንዳ ግን ያለ ምክንያት ሁለት ጊዜ አንሥቶ አስቀመጠው።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ጨው በሰነጣጠቀው ጣቱ አውጥቶ ጆሮው ላይ ሲያደርገው ሶዳም ካልሲዋን እንዳደረገች ከአዳራሹ ሮጣ ወጣች። ከፊቷ የሚበልጥ ጥቅል ቅጠል በጥሩው እጇ ይዛለች።

«አያቴ፣ ክፈት! እኔ ነኝ የጠቀለልኩት!»

ለስልኩ ሳይመልስ አፉ ውስጥ ከተተችበት።

«አባባ?» አለች ሴት ልጁ ከኢንቾን። «ቦታ ተገኘላት ወይስ ነገ ልምጣ?»

ከበስተኋላው ሦስቱ ሴቶች በልጆቹ ቤት በር በሚለጠፈው ሰሌዳ ላይ የማን ስም ይቅደም ብለው መጨቃጨቅ ጀምረዋል። «በፊደል ተራ ይሁን!» ትላለች አንዷ። «በዕድሜ ነው እንጂ!» ትላለች እማማ ቡንናም። ሶዳም ጉልበቱን ታቅፋ ሽቅብ ታየዋለች፣ ጣፈጠ አልጣፈጠ እንዲላት።

«አባባ? ትሰማኛለህ? ምንድነው ጫጫታው? የት ነህ?»

ዐይኑ እንባ አቅርሯል፤ በርበሬው ኃይለኛ ነበር። ማንሶክ ሴት ልጁ የምታየው ይመስል አንድ ጣቱን ወደ ላይ አነሣ፣ ጠብቂኝ እንደማለት፤ ጉርሻው አፉን ሞልቶታልና ማኘኩን ቀጠለ።